ከወለሉ ያልታሰረው ራክ

ሰመራ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ ሣህሌ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የእትዬ ወርቅዬን ጤና እጠይቃለሁ። እኔ ከሰመራ ሙቀት በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ባለፈው ስደውል እርስዎ ከእትዬ ወርቅዬ ጎን ሆነው «ምን አለች? ምን አለች?» ሲሉ ይሰማኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ ግማሹን ነግረው ግማሹን ይውጡብዎታል። የባቡር ጥገናው ጩኸት ጆሮዎን ከወሰደው ወዲህ ከእርስዎ ጋር በደንብ የማወራው በወረቀት ብቻ ነው። ይህንንም ካሊድ በሚኒባሱ ያደርስልኛል።

ሥራ ጀምረናል። ልጅዎ ይልቃል በድርጅቱ ስም እዚህ የአንድ የግል ክሊኒክ የኔትወርክ ሥራ አሸንፏል። ካርድ ክፍሉን፣ ላቦራቶሪውንና መድኃኒት ቤቱን ከአንድ ክፍል ሆነን እርስ በርስ ማገናኘት ነው። የምንሠራው እኔና አማን ነን። አማንን ያውቁታል፤ አምና ከይልቃል ጋር አዋሽ መጥቶ እኛ ቤት ያደረው፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ ነው።

ትናንት ራኩን ገጣጠምነው። ራክ የሚሉት የኔትወርክ ዕቃ ተደራርቦ የሚታሰርበት የብረት ማቆሚያ ነው። ደህናው ዓይነት በርና ግድግዳ ስላለው ቁም ሣጥን ይመስላል። የኛ ርካሹ ነው፤ አራት ቋሚ ብረት፣ ከላይና ከታች የሚያያይዛቸው አግዳሚ፣ በቃ። ሥጋው ተግጦ ያለቀ ነገር ይመስላል። በካርቶን ተበታትኖ ነው የመጣው፤ መመሪያው በቻይንኛ ስለሆነ ሥዕሉን ብቻ እያየን ሠራን። መጀመሪያ አንዱን ቋሚ ገልብጠን አስገብተነው ኖሮ ሁሉንም ፈትተን እንደገና ጀመርን። አማን «ቻይናዎቹ ሥዕሉን ሲስሉ እኛን አላሰቡም» እያለ ሲስቅ ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ። ዕቃው የሚታሰርበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ዳዶ አለች፤ ጣት ትነክሳለች። የሁለታችንም ጣት ቆሳስሏል። በመጨረሻ ውሃ ልኩን ከላይ ብናስቀምጠው አረፋዋ መሀል ላይ ቆመች። አማን አጨበጨበ።

የቀረን ከወለሉ ጋር ማሰር ነው። እግሮቹ ላይ ለዚሁ የተበጀ ቀዳዳ አላቸው። ይልቃል «ቆዩ፣ የክሊኒኩን ባለቤት ላነጋግር፤ አዲስ ሴራሚክ ነው፣ አትብሱብኝ ብላለች» አለን።

ፈንታሌ አካባቢ መሬት ይንቀጠቀጣል እየተባለ ነው። እናንተስ ዘንድ እንዴት ነው? እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሄዋን


አዋሽ ሰባት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእህቴን ፊት ይዘሽ ለቀረሽልኝ ለልጄ ለሄዋን፤

ሰላምሽ ይብዛ። የዘረጋሽው እጅ ባዶውን አይመለስ፤ የሄድሽበት መንገድ ይቅናሽ። ደብዳቤሽን ካሊድ አምጥቶልኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ለወርቅዬም ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ጮኼ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ ጎረቤት ግን ሰምቷል አሉ።

አንቺና ይልቃል አንድ ላይ መሥራታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እህቴ ስትሞት አንቺን ታቅፌ ወደዚህ ቤት ስገባ ይልቃል ሮጦ መጥቶ «የኛ ናት?» ብሎ ነበር የጠየቀኝ። ዛሬም እንደዚያ ነው የማያችሁ። እሱ ትንሽ ችኩል ነው፤ አንቺ ያዝ አድርጊው። ታዘዢውም፤ ታላቅሽ ነው።

ስለ መሬቱ ብዙ አትጨነቂ። አንዳንዴ ይነቃነቃል፤ ብርጭቆ ይንቀጫቀጫል፤ ከዚያ ይተወዋል። እኔማ ስለማልሰማ የሚነግረኝ እግሬ ነው። በድሮው ሐዲድ ባቡር ሲመጣም እንዲሁ በእግሬ ነበር የማውቀው። ቤታችን ደህና ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሎጊያ የከባድ መኪና አሮጌ ሸራ ይሸጣል ይላሉ። ለዶሮዎቹ ጥላ ላበጅላቸው አስቤአለሁና አንዱን በካሊድ ላኪልኝ። ሰፋ ያለ ይሁን።

ወርቅዬ ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ ሣህሌ


ሰመራ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ሣህሌ፤

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። ሸራው ይኸው። ሎጊያ ሄጄ ከአንድ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ገዝቼ አምጥቼዋለሁ፤ አንድ ጥግ ላይ ተቀዷል፤ እርስዎ ይሰፉታል።

ጋሼ፣ ዶሮዎቹ ምን ያህል ቢሆኑ ነው ይህን የሚያህል ሸራ የሚፈልጉት? ካሊድን ጠየቅሁት። መጀመሪያ አልነግርሽም አለኝ፤ ኋላ «ፍራሹን ግቢው ውስጥ አይቼዋለሁ» አለ። ውጭ ነው የምታድሩት? ለምን አልነገሩኝም?

እዚህ ሥራው አልቋል። ራኩ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ሰማያዊና አረንጓዴ መብራቱን ያብለጨልጫል፤ የላቦራቶሪው ውጤት ወረቀት ሳይያዝ ሐኪሙ ፊት ይደርሳል። ሰዎቹ ተደስተዋል።

አማን እጁን ተጎድቶ ሆስፒታል ገብቷል። ሰኢዳ፣ ባለቤቱ፣ አጠገቡ ናት። እርስዎ አይጨነቁ።

ልጅዎ ሄዋን


አዋሽ ሰባት፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄዋን፤

ጤናሽ ይጠበቅ፤ ከክፉ ወሬ ይሰውርሽ።

ዋሽቼሻለሁ። ዶሮዎቹን ከሸጥናቸው ቆየን። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ፀሐይ በስንጥቁ ይገባል። ወርቅዬ ከጣሪያው ሥር አልተኛም ብላ ግቢ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ሸራሽን ዘርግተነዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ከጎረቤቶቻችን አንዳንዱ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። የሚሄድበት የሌለው እንደኛው በየግቢው ነው። ይልቃል በስልክ «መልካ ወረር ቤት ተከራይቼ አወጣችኋለሁ፤ የክሊኒኩ ሥራ ሒሳብ እስኪዘጋ ጠብቁኝ» ብሏታል ለወርቅዬ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ስለ ሸራው አንድ ገጽ፣ ስለ አማን አንድ መስመር ጻፍሽልኝ። አንቺ እንዲህ የምታጥሪው ስትፈሪ ነው። ይልቃል ለእናቱ «ሰውዬው በራሱ ጥፋት ብረቱ ላይ ሲንጠላጠል ወደቀበት» ብሎ ነግሯታል። ወርቅዬም «ምስኪን፣ ምን አንጠለጠለው» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ያ ሰው እዚህ ባደረ ጊዜ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ በእጁ ገፍቶ ሞክሮ እንደሚቀመጥ አይቻለሁ።

ምን ሆነ? ንገሪኝ።

አጎትሽ ሣህሌ


ሰመራ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

እግዚአብሔር ከዚያ ግቢ በደህና ያውጣችሁ። እኔ ሰላም ነኝ ብዬ አልጽፍልዎትም።

የጠየቁኝን ልመልስ። አማን ራኩ ላይ አልተንጠላጠለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራኩን በገጣጠምን ማግስት ይልቃል ዕቃውን እንድንጭን አዘዘን። «ሳይታሰር?» አልኩት።

«ሄዋን፣ ባለቤቷ ሴራሚኬን አትንኩ ብላለች። ደግሞ ዕቃው ሲጫንበት ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል። የት ይሄዳል?»

«ክብደቱ ከታች ሲሆን ነዋ።»

«ታች እናደርገዋለና!»

ነገር ግን ታች አልሆነም። መብራት ሲጠፋ ዕቃውን የሚይዘው ትልቁ ባትሪ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ነው፤ ቦታውም ከሁሉ በታች ነው። ጽዳቶቹ ወለሉን በውሃ ስለሚያጥቡት ይልቃል «ይበላሻል» ብሎ ከላይ አስደረገው። አማን ፊቱን አጨማደደ፤ እኔም ዝም አልኩ። አብረን አንሥተን ጫንነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ እኔም አንሥቻለሁ።

ሳምንታት እንዲሁ አለፉ። ባየሁት ቁጥር ነገ እናገራለሁ እላለሁ። ሥራው ደግሞ እየሄደ ነው፤ የሚሄድ ነገር አፍ ያስይዛል።

ሰርቨር የሚሉት ዋናው ኮምፒውተር እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደ ፊት የሚሳብ ነው። አደጋው በደረሰበት ቀን አማን ክዳኑን ሊከፍት ወደ ራሱ ሳበው። የራኩ የኋላ እግሮች ከወለሉ ሲነሡ አየሁ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። «አማን ልቀቀው!» ብዬ ጮኽኩ። ለቆት ዞር ሊል ይችል ነበር። የሰው ዕቃ እንዳይሰበር ብሎ ሊደግፈው ሞከረ። ራኩ ከፊት ለፊቱ ባለው የብረት ጠረጴዛ ላይ ቀኝ እጁን አጣብቆ ቆመ። ከኋላ ይዤ ብስበው አልነቃነቅ አለኝ። የላቦራቶሪ ሠራተኞች ሮጠው መጥተው ነው ያነሣነው። አማን አልጮኸም። «ሰርቨሩ ደህና ነው?» አለኝ። ከዚያ እጁን አየና ተቀመጠ።

ከአውራ ጣቱና ከትንሿ ጣቱ በቀር የተረፈለት የለም። በዚያ እጁ ነበር ከፀጉር የማይወፍሩ ሽቦዎችን አንድ በአንድ ለይቶ የሚያስገባው።

በማግስቱ ይልቃል ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም። «ፖሊስ ሲጠይቅሽ ብረቱ ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ በይ» አለኝ።

«አልወጣም እኮ።»

«አውቃለሁ አልወጣም! ግን ይህ ነገር እኔ ላይ ከመጣ ድርጅቱ ይዘጋል። ድርጅቱ ከተዘጋ አባባንና እማማን ከዚያ ግቢ በምን አወጣቸዋለሁ? እስቲ ንገሪኝ፣ በምን?»

ክፉ ሰው ነው አልልዎትም። ፈርቷል።

በዚያው ሳምንት የክሊኒኩ ባለቤት ራሳቸው ሰው ጠርተው ሴራሚኩን አስበሱ። መብሻው ትራፓኖ ሲጮህ እዚያው ቆሜ ነበር። አራቱም እግር ከወለሉ ጋር ታሰረ። ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ አለቀ፤ ይህን ያህል ነበር ሥራው።

ፖሊስ ጥር ላይ ቀርበሽ ቃልሽን ስጪ ብሎኛል። ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅዎትም፤ ግን ሳልነግርዎት አላደርገውም።

ሄዋን


አዋሽ ሰባት፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄዋን፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ቶሎ ያልጻፍኩት ብዕር ጠፍቶ አይደለም። ደብዳቤሽን በኪሴ ይዤ ስዞር ነበር። ለወርቅዬ አላነበብኩላትም። በዚህ መሀል ትልቁ መንቀጥቀጥ መጣ። ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ወጣ፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። እኛ ከሸራው ሥር ስለነበርን ተረፍን። ቤቱ የለም፤ በሩ ብቻ ቆሟል። ወርቅዬ በልማድ እስከ ዛሬ በበሩ ትገባለች፤ ከዚያ ፍርስራሹ ላይ ቆማ ትመለሳለች።

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ስጠግን የላላ ነገር አይቼ ያለፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ አንቺ የጻፍሽው ገብቶኛል። ይልቃል እንደዋሸ ገብቶኛል። አሁን የምለምንሽን ለመጻፍ ግን እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የቆየሁት።

ዋሺ አልልሽም። ተንጠላጠለ አትበይ። ነገር ግን «አላየሁም» ማለት ይቻልሽ ይሆን? ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ ዞር ስል ወድቆ አገኘሁት ማለት። ከዚያ የሱ ቃልና የአማን ቃል ይቀራል፤ የቀረውን ዳኛው ይወቀው። ይልቃል ለመልካ ወረሩ ቤት ቀብድ ሰጥቷል። ወርቅዬ ሳል ጀምሯታል፤ አቧራው ነው። እሷ ነገሩን ከይልቃል ሰምታ «ከልጄ ሳልለይ ያሳደግኳት ልጅ፣ ልጄን አሳልፋ አትሰጥም» ትላለች። ለሰው ሁሉ እንዲህ እያለች ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አንቺን ልጄ ብዬ ለመጥራት አፍሬአለሁ። ግን ጽፌዋለሁ።

ሣህሌ


ሎጊያ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ሣህሌ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ቤቱ ያዘንኩትን ወረቀት አይችለውም። እኔም ያደግሁት እዚያ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ለፖሊስ ቃሌን ከመስጠቴ በፊት ነበር። ይህን እንዲያውቁ ፈልጌ ነው፤ ዘግይቶ ደረሰ ብለው እንዳይጽናኑበትም፣ እኔም እንዳልጽናናበት። አንብቤው ነው የሄድኩት።

ጣቢያው በር ላይ ሰኢዳ ቆማ አገኘኋት። ስትጠብቀኝ አልነበረም፤ የሆስፒታል ወረቀት ልታስገባ መጥታ ነው። «አንቺ የእነይልቃል ዘመድ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «አላህ ያግዝሽ» አለችና መንገዱን ለቀቀችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ውስጥ ገብቼ «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» ለማለት አፌን ከፈትሁ። እውነቴን ነው፣ ልለው ነበር። ፖሊሱ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። ከዚያ የአማን «ሰርቨሩ ደህና ነው?» ያለው ጆሮዬ ላይ መጣ። ጀርባዬን ከሰጠሁ ያንን ማን ሰማው? ሁሉንም ተናገርኩ። ሳይታሰር መጫኑን፣ ባትሪው ከላይ መደረጉን፣ ይልቃል ማዘዙን። እኔም አብሬ ማንሣቴንና አይቼ ዝም ማለቴን አስጻፍኩ። ሲነበብልኝ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላል። ፈረምኩ።

ይልቃል አልተጣላኝም። ደውሎ «እሺ ሄዋን» አለኝ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሥራዬን ትቼ ሎጊያ ጋራዦቹ አጠገብ አንድ ክፍል ይዣለሁ፤ ስልክ የሚጠግን ሰው ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ።

በእርስዎ ያፈርኩበት ነገር የለም። ልጄ ብለው ለመጥራት አይፈሩ።

ሄዋን


ሎጊያ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

እንደምን ናችሁ? ካሊድ ደብዳቤዬን በእጅዎ እንደሰጠዎት ምሎ ነግሮኛል። መልስ አለኝ ብለው እንዳላሉት፣ ኪስዎ እንደከተቱትም ነግሮኛል።

ሌላ ምንም አልጠይቅም። እትዬ ወርቅዬ ሳሉ ተሻላቸው? የት ናችሁ? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

ሄዋን


መልካ ወረር፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄዋን፤

በያለሽበት ጠባቂሽ አይተኛ።

ያለነው መልካ ወረር ነው። ይልቃል ቀብድ የሰጠበት ቤት አልሆነም። ነገሩ ፍርድ ቤት ከሄደ በኋላ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ፤ ቀብዱንም ለጠበቃ መልሶ ወሰደው። አንድ ድሮ ጥጥ እርሻው ላይ የሠራ ወዳጄ ያለውን አንድ ክፍል ሰጥቶናል። ወርቅዬ ሳሉ ለቋታል። እሷ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ስምሽ ሲነሣ ተነሥታ ትወጣለች። «እሷ ያለችበትን ደጅ ከረገጥክ እኔ ዘንድ አትመለስ» ብላ በታቦት አስምላኛለች። ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ለዚህ ብቻም አይደለም። ተቆጥቼብሽ ነበር። ፍርስራሹን ባየሁ ቁጥር እቆጣ ነበር፤ ቤቱን ያፈረሰው መሬት መሆኑን እያወቅሁ።

አሁን ግን የምነግርሽ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ሰመራ መጥቼ ነበር።

ይልቃልን «ሂድና ሰውዬውን ጠይቀው» አልኩት። «አባባ፣ ጠበቃው አትሂድ ብሎኛል» ብሎ ጻፈልኝ። እንግዲያስ አባቱ ልሂድ አልኩና ለወርቅዬ «ዓይኔን ሐኪም ቤት ልታይ ነው» ብዬ ከካሊድ ጋር ወጣሁ። የአማን ቤት አደረሰኝ። ሰኢዳ ማን መሆኔን ስታውቅ በሩን ይዛ ቆመች። አማን ከውስጥ አንድ ነገር አላት መሰለኝ፣ አሳለፈችኝ።

ተቀመጥን። እሱ ይናገራል፣ እኔ አልሰማም። ሰኢዳ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች፤ እኔ የምሰማው ሲጻፍልኝ ነውና። እሷ ልትጽፍለት ስትል አማን ወረቀቱን ወሰደባት። ቀኝ እጁ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ነበር። በግራው ያዘ። ልጄ፣ አንዲቱን ቃል ሲጽፍ ላብ በግንባሩ ወረደ። ፊደሉ ወዲያና ወዲህ ወድቋል፤ ገና ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የጻፈው ይመስላል። አዙሮ አሳየኝ። «አልወጣሁበትም» ይላል።

«አውቃለሁ» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነው መሰለኝ ሰኢዳ ደነገጠች። «አውቃለሁ ልጄ፤ የልጄ ጥፋት ነው፤ እኔም እንዲሸፈን ለምኛለሁ። ይቅር በለኝ» ብዬ ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስል በዚያ በተጠቀለለው እጁ ደገፈኝ። እንዳመመው ፊቱ ላይ አየሁት። አልለቀቀኝም።

ከዚያ ስወጣ ካሊድን ሎጊያ የሄዋንን ቤት አሳየኝ አልኩት። ከመንገዱ ወረድኩና በእግሬ መጣሁ። የቆርቆሮ በርሽ ድረስ መጥቻለሁ። ቢጫ ሻርፕሽ ከገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። እጄን ላንኳኳ ሳነሣ ወርቅዬ ያስማለችኝ መጣብኝ። ምን ብዬ እንደምጀምርም አላወቅሁም፤ ዝም በይ ብዬ የለመንኩሽ ሰው ነኝና። ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ። ካሊድ «አገኟት?» ሲል ከንፈሩን አየሁ። «የለችም» አልኩት።

ይህንንም ዋሽቻለሁ። ያለሽ መስሎኛል።

አጎትሽ ሣህሌ


ሎጊያ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣ ላሳደገኝ አባቴ ለጋሽ ሣህሌ፤

የጻፉበትን እጅ እስማለሁ።

የፍርዱን ወሬ ሰምተው ይሆናል። ዳኛው አማን ጥፋት የለበትም ብሎ ፈርዷል። ሰኢዳ ሱቁ ድረስ መጥታ ነገረችኝ። ደስ ያላት አይመስልም ነበር፤ የደከማት ነው የምትመስለው። «ጣቱን አይመልስለትም፤ ግን ውሸታም አይባልም» አለችኝ። ይልቃል ድርጅቱን ዘግቶ ወደ ጭፍራ ከተማ መሄዱን ከሰው ሰማሁ። እዚያ ለአንድ ነጋዴ ዕቃ ያስጭናል አሉ። ደወልኩለት፤ አላነሣም። ደግሜ እደውላለሁ።

አሁን እርስዎ የማያውቁትን ልንገርዎ። ያን ቀን ቤት ነበርኩ።

ሳልዎን ሰማሁ። ከስንት ሰው መሀል ለይቼ የማውቀው ሳል ነው፤ ልጅ ሆኜ ከሥራ ሲመለሱ ከጥግ ሲሰማኝ ነበር የምሮጠው። ከአልጋዬ ተነሥቼ በሩ ድረስ መጣሁ። በቆርቆሮው ሥር ጫማዎ ይታየኛል፤ አቧራ ለብሷል፣ አንዱ ክር ተፈትቷል። እጄን መወርወሪያው ላይ አደረግሁ። ሊረግሙኝ መጥተው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሊመርቁኝ መጥተው ይሆናልም ብዬ ፈራሁ፤ ከቤቱ፣ ከእትዬ ወርቅዬ ሳል፣ ከይልቃል «እሺ ሄዋን» በኋላ ምርቃት እንዴት እንደሚቀበሉት አላውቅም ነበር። እርስዎ በዚያ በኩል ቆሙ፣ እኔ በዚህ በኩል። በመሀላችን ያለው ቆርቆሮ ነፋስ ሲመጣ የሚወዛወዝ ነበር።

ጫማዎ ሲዞር አየሁት። ስከፍተው መንገዱ ላይ ነበሩ፤ ጀርባዎ እንዲህ መጉበጡን አላውቅም ነበር። ሮጬ ልደርስብዎት እችል ነበር። አልሮጥኩም። ሚኒባሱ እስኪሄድ ቆሜ አየሁዎት።

በፊታችን እሑድ ለፋሲካ መልካ ወረር እመጣለሁ። ካሊድ ቤቱን ያውቀዋል። እኔ የማልኩት መሐላ የለም። እትዬ ወርቅዬ በሩን ቢዘጉብኝ አልቀየማቸውም፤ ውጭ ድንጋይ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ቢሰድቡኝም ሰምቼ እቀመጣለሁ። እርስዎ ብቻ ይውጡልኝ።

ልጅዎ ሄዋን